ሞተ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፦ ሕመምንና ሞትን አብሮ በአር የመተንተን አሠራር

ሰርቫይቫል አናሊሲስ (አንድ ነገር እስኪደርስ ያለውን ጊዜ የሚተነትን ስሌት) የሠራችሁ ሁሉ ይህን ታካሚ ታውቁታላችሁ። ክትትል ጀመረ። እናንተ የምትጠብቁት ሕመም ሳይይዘው በ14ኛው ወር ሞተ። ጥያቄያችሁ ደግሞ «ሕመሙ በስንት ጊዜ ይይዛል» የሚል ነው። ታዲያ ይህን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

አብዛኞቻችን 0 እንጽፍለትና «ሴንሰርድ» ብለን እናልፋለን። እኔም ለማስተርስ ቴሲሴ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ላይ ነበር የምሠራው፣ ቲቢ እስኪይዛቸው ያለውን ጊዜ። ቲቢ ሳይይዛቸው የሞቱትን ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ከተዛወሩት ጋር አንድ ላይ ደባለቅኳቸው። ሶፍትዌሩ ምንም አላለኝም። ቁጥሩን አወጣ፣ ግራፉን ሳለ፣ እኔም አስረከብኩ። ጉዳዩ የገባኝ ቆይቶ ነው፣ ዳታውን ለሌላ ሥራ እንደገና ስከፍተው።

ሴንሰርድ ማለት «ከዚህ ቀን በኋላ አላየነውም፣ ሕመሙ ግን ገና ሊይዘው ይችላል» ማለት ነው። ሐዋሳ የተዛወረ ሰው እንዲህ ነው። የሞተ ሰው ግን እንዲህ አይደለም፤ ከእንግዲህ ቲቢ ሊይዘው አይችልም። ሁለቱን አንድ ስናደርግ ሙታን ወደፊት እንደሚታመሙ ቆጥረን ነው የምናሰላው፣ የሕመሙም ዕድል ከእውነቱ በላይ ያብጣል።

የተገላቢጦሹም አለ። ሕመሙ ይዞት ከዚያ የሞተ ሰውስ? በተለመደው አሠራር ሕመሙ የተመዘገበ ቀን ፋይሉ ይዘጋል። ከታመመ በኋላ ስንት ወር ቆየ፣ ማንኛው ቶሎ ሞተ፣ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ እያለ ይጣላል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ካርድ ክፍል አቧራ ውስጥ ተቀምጦ ያንን ቀን የፈለገው ሰው ልፋት ነው አብሮ የሚጣለው።

እንዲህ ያለው ዳታ ሴሚ ኮምፒቲንግ ሪስክስ ይባላል። ስሙ የመጣው ፋይን፣ ጂያንግ እና ቻፔል እ.ኤ.አ. በ2001 ካወጡት ጽሑፍ ነው። «ሴሚ» የተባለው ፉክክሩ የአንድ ወገን ስለሆነ ነው። ሞት ሕመምን ይከለክላል፣ ሕመም ግን ሞትን አይከለክልም። ሁለቱም የሞት ምክንያቶች ከሆኑ፣ ለምሳሌ በካንሰር መሞትና በልብ ሕመም መሞት፣ አንዱ ከመጣ ሌላው ስለማይመጣ ያ ሙሉ ኮምፒቲንግ ሪስክስ ነው፤ አሠራሩም ይለያል። ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ነገር ከደረሰ በኋላ ሰውየው በሕይወት ኖሮ እስኪሞት ልከታተለው እችላለሁ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ቀጥሉ።

የምንሠራው አር በተባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ነው። ነጻ ነው፣ የሚያስፈልገን ዋናው ፓኬጅ ማለትም ሰርቫይቫል ደግሞ አርን ስትጭኑ አብሮ ይመጣል። ይህን ፓኬጅ ለብዙ ዓመታት ያሳደገው የማዮ ክሊኒኩ ቴሪ ቴርኖ ነው። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ አር ውስጥ ስታስገቡ በላቲን ፊደል፣ ድምፃቸውን ተከትላችሁ ነው። ፓኬጁን ከፍታችሁ የእገዛ ዝርዝሩን ብታዩ ብዙዎቹን ታገኟቸዋላችሁ።

አንደኛ፦ ሦስቱን ቀስቶች በወረቀት ሳሉ

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱ። ሦስት ሳጥን ሳሉ፦ «ጤነኛ»፣ «ታማሚ»፣ «የሞተ»። ከጤነኛ ወደ ታማሚ ቀስት፣ ከጤነኛ በቀጥታ ወደ ሞት ቀስት፣ ከታማሚ ወደ ሞት ቀስት። ሦስት ቀስት ነው፣ በቃ። ባለሙያዎቹ ኢልነስ ዴዝ ሞዴል የሚሉት ይህንን ነው።

በየቀስቱ ላይ ስንት ሰው እንደሄደ የምትጽፉበት ቦታ ተዉ። ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው አትጣሉት፣ አምስት ጊዜ ትመለሱበታላችሁ።

ለመለማመጃ የምንጠቀምበት ዳታ ከሰርቫይቫል ፓኬጁ ጋር የሚመጣው ኤምጂዩኤስ2 ነው። ያለ ክፍተት፣ መጨረሻው ላይ የሁለት ቁጥር ይዞ ነው የሚጻፈው። በአሜሪካ ሚኒሶታ በማዮ ክሊኒክ የተመዘገቡ 1384 ሰዎች ናቸው። ደማቸው ውስጥ ያልተለመደ ፕሮቲን ተገኝቶባቸዋል፣ ካንሰር ግን አይደለም። ከእነሱ አንዳንዶቹ ጊዜ ቆይቶ ወደ ፕላዝማ ሴል ካንሰር ይሸጋገራሉ። በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ደግሞ ብዙዎቹ ካንሰሩ ሳይደርስ በሌላ ነገር ይሞታሉ። ለትምህርት ከዚህ የተሻለ ዳታ አላየሁም።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። 115 ሰዎች ወደ ካንሰሩ ተሸጋገሩ። 860 ሰዎች ካንሰሩ ሳይይዛቸው ሞቱ። 409 ሰዎች ሁለቱም ሳይደርሱባቸው ክትትሉ አበቃ። ካንሰሩ ከያዛቸው 115 ውስጥ 103ቱ ከዚያ በኋላ ሞቱ፣ 12ቱ በሕይወት ነበሩ። 860ን ተመልከቱት። ያንን ሁሉ ሰው «ሴንሰርድ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁለተኛ፦ ዳታውን አጽዱ

ለእያንዳንዱ ሰው አራት አምድ ያስፈልጋል። የሕመሙ ጊዜ፣ ሕመሙ ደረሰ ወይስ አልደረሰም (1 ወይም 0)፣ የመጨረሻው ጊዜ፣ ሞተ ወይስ አልሞተም (1 ወይም 0)። ሕመሙ ያልደረሰበት ሰው የሕመም ጊዜው ከመጨረሻው ጊዜ ጋር እኩል ይሆናል።

ሁለቱን የ0 እና 1 አምዶች በቴብል ትእዛዝ አቋርጡና አራት ሳጥን አውጡ። በኤምጂዩኤስ2 ላይ 409፣ 12፣ 860 እና 103 ነው የሚወጣው፣ ሲደመር 1384። የእናንተም አራቱ ሳጥኖች ድምር ከጠቅላላ ሰዎቻችሁ ጋር እኩል ካልሆነ የሆነ ቦታ ባዶ አለ፣ እሱን ሳታገኙ አትለፉ።

አሁን የኛ አገር ዳታ ላይ ለምትሠሩ፣ ይህችን በደንብ አንብቡልኝ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ዳታ የሚያስገባው ልጅ 30/02/2012 ብሎ ይጽፋል፣ ጥቅምት 30 ማለቱ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ሁለተኛ ወር ሲባል ፌብሩዋሪ ነው የሚመጣለት፣ ፌብሩዋሪ 30 ደግሞ የለም። ስለዚህ ያችን ቀን ባዶ ያደርጋታል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ሙሉ በሙሉ ትጠፋለች። ጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜን ላይ የታመመ ወይም የሞተ ሰው ሁሉ ከጥናታችሁ ይወጣል፣ እናንተም «ሚሲንግ» ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር ሳያስፈልግ፣ እያንዳንዱን ቀን ወደ አንድ ተራ ቁጥር ለውጡት። ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍሉና ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ወስዳችሁ ደምሩ። ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ። ቀኑን ደምሩ። ለጥቅምት 30 ቀን 2012 የሚወጣው 734973 ነው። ለጳጉሜን 3 ቀን 2013 ደግሞ 735641። ልዩነቱ 668 ቀን ነው፣ ትክክለኛው የክትትል ጊዜም ይኸው ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመትም በዚሁ ስሌት ይስተካከላል። ኤክሴል ላይ ዓመት፣ ወር እና ቀን በሦስት የተለያየ አምድ እንዲገቡ አድርጉ፣ አንድ ላይ በ«/» አታስገቡ፤ ያኔ ኤክሴል በራሱ ፈቃድ አይቀይረውም።

ከዚያ ሦስት ነገር ፈትሹ። የሕመሙ ጊዜ ከሞቱ ጊዜ የሚበልጥ ሰው አለ? ካለ የጽሕፈት ስህተት ነው፣ ወደ ካርዱ ተመለሱ። ጊዜው 0 የሆነ አለ? ክትትል በጀመረበት ቀን የታመመ ሰው ከመጀመሪያውም ታሞ ነበር የመጣው፣ ስለዚህ ጥናቱ ውስጥ መግባት ነበረበት ወይ ብላችሁ ከአድቫይዘራችሁ ጋር ተነጋገሩ። በአንድ ቀን ወይም በአንድ ወር ሁለቱም የደረሱበት አለ? ኤምጂዩኤስ2 በወር ስለሆነ የተመዘገበው ካንሰሩና የመጨረሻው ወር የገጠሙባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ሕመሙ እንደሚቀድም የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ለእነሱ ከሕመሙ ጊዜ ላይ 0.1 ቀንሱ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ካልተደረገች ግን እነዚያ ሰዎች ከሦስተኛው ቀስት ላይ ይጠፋሉ።

ስለ ጠፉትም አንድ ነገር። በኤአርቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክሊኒክ ዳታ «ሎስት» ተብሎ ከተመዘገበው ውስጥ የተወሰነው የሞተ ነው፣ ቤተሰቡ መጥቶ አልነገረም እንጂ። ስልክ ተደውሎ ወይም ቤት ተሂዶ የተጣራ መዝገብ ካለ ተጠቀሙበት። ከሌለ ቢያንስ የጠፉትን ከተዛወሩት ለይታችሁ ቁጠሩና በጽሑፋችሁ ግለጹት።

ሦስተኛ፦ አንዱን ሰው ወደ ሁለት ረድፍ ክፈሉት

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀስ እንበል።

በ40ኛው ወር ታሞ በ55ኛው ወር የሞተ ሰው እንውሰድ። እስካሁን አንድ ረድፍ ነበረው። አሁን ሁለት እንሰጠዋለን። የመጀመሪያው ረድፍ ከ0 ይጀምራል፣ በ40 ያልቃል፣ መጨረሻው «ታመመ» ነው። ሁለተኛው ከ40 ይጀምራል፣ በ55 ያልቃል፣ መጨረሻው «ሞተ» ነው። በሁለቱም ረድፍ ላይ የሰውየው መለያ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ሳይታመም የሞተ ሰው አንድ ረድፍ ብቻ ይኖረዋል። ታሞ እስከ መጨረሻው በሕይወት የቆየም ሁለት ረድፍ አለው፣ ሁለተኛው «ሴንሰርድ» ብሎ ያልቃል።

ይህን በእጅ ላለመሥራት ቲመርጅ የሚባል ትእዛዝ አለ። መለያ ቁጥሩን፣ የሞቱን ጊዜና የሕመሙን ጊዜ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ይከፍለዋል። ለኤምጂዩኤስ2 1384 ሲደመር 115፣ ማለትም 1499 ረድፍ ማግኘት አለባችሁ። ካነሰ ያችን 0.1 ረስታችኋል።

ቀጥሎ የመጨረሻውን ሁኔታ የሚናገረውን አምድ ፋክተር (በደረጃ የተከፈለ የምድብ አምድ) አድርጉት። እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። ፓኬጁ የፋክተሩን የመጀመሪያ ደረጃ ሁልጊዜ ሴንሰርድ ነው ብሎ ነው የሚወስደው። ቅደም ተከተሉን ራሳችሁ ካልሰጣችሁ አር በፊደል ተራ ይደረድረዋል፣ ያኔ ሞት አንደኛ ሊሆን ይችላል፣ ሙታን ሁሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሴንሰርድ ይሆናሉ። ሌቭልስ በሚለው ቦታ በእጃችሁ ጻፉ፦ መጀመሪያ ሴንሰርድ፣ ከዚያ ሕመም፣ ከዚያ ሞት።

ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ መከፋፈል? ሕመሙን እንደ ተራ ቫሪያብል፣ «ታመመ ወይስ አልታመመም» ብሎ ኮክስ ውስጥ (ቫሪያብሎች አደጋውን ምን ያህል እንደሚለውጡ የሚለካው የተለመደ ሞዴል) ማስገባት አይቻልም ወይ? ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ትልቅ ስህተት ነው። በ40ኛው ወር የታመመው ሰው ለመታመም እስከ 40ኛው ወር መኖር ነበረበት። እነዚያ 40 ወራት የጤንነት ወራት ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ታማሚ» ካላችሁት ሊሞት የማይችልበትን ጊዜ ለሕመሙ ሸለማችሁት፣ ሕመሙም ሰው የማይገድል፣ አንዳንዴም ዕድሜ የሚያረዝም ይመስላል። ሁለቱ ረድፎች 40ውን ወር ለጤነኛው፣ 15ቱን ለታማሚው ያስረክባሉ።

አራተኛ፦ ሰርቭቼክ

ትንተና ከመጀመራችሁ በፊት ሰርቭቼክ የሚባለውን ትእዛዝ አሂዱ። መለያ ቁጥሩን መስጠት አትርሱ። ከየት ወደ የት ስንት ሰው እንደተሸጋገረ ሠንጠረዥ ያወጣል። ወረቀታችሁን አውጡና አስተያዩ፦ ከመነሻው ወደ ሕመም 115፣ ከመነሻው ወደ ሞት 860፣ ከሕመም ወደ ሞት 103። ገጠመ? ጥሩ። በተጨማሪ የተደራረበ ጊዜ፣ ክፍተት ወይም ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ያለ ምክንያት የዘለለ ሰው ካለ ቆጥሮ ይነግራችኋል። ሁሉም 0 መሆን አለባቸው። እኔ ይህን ሳላይ ወደ ሞዴል የገባሁበት ሥራ የለም አሁን።

አምስተኛ፦ መጀመሪያ ዕድሉን አስሉ

ሰርቭፊት በሚለው ትእዛዝ ያንን ባለ ፋክተር ዳታ ስትሰጡት በራሱ የአለን ዮሃንሰንን ስሌት ነው የሚሠራው። ውጤቱ በእያንዳንዱ ወር በየሳጥኑ ያለው የሰው ድርሻ ነው፦ ጤነኛ ስንት በመቶ፣ ታማሚ ስንት በመቶ፣ የሞተ ስንት በመቶ። በየትኛውም ወር ሦስቱ ሲደመሩ 100 ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ታማሚ» ሳጥን ውስጥ ያለው ድርሻ ታሞ ገና በሕይወት ያለው ብቻ ነው። ከፍ ይልና መልሶ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ታማሚዎቹ ይሞታሉ። «እስከዚህ ወር ድረስ ስንት ሰው ታሟል» የሚለውን ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ወስዳችሁ እንደ ኮምፒቲንግ ሪስክስ አስሉት። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ናቸው፣ በጽሑፍ ስታቀርቡ የትኛውን እንደሆነ ጻፉ።

የካፕላን ማየርን፣ ማለትም የሞተውን ሴንሰርድ አድርጎ ዕድሉን የሚያሰላውን የተለመደ ዘዴ፣ ስህተት በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በዚሁ ዳታ ሞክሩት። በእነዚሁ 1384 ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናት ወደ ካንሰሩ የመሸጋገር ዕድል በ10 ዓመት 10 በመቶ፣ በ20 ዓመት 21 በመቶ፣ በ25 ዓመት 26 በመቶ ነው ይላል። ይህ ሞትን ሴንሰርድ አድርጎ የተሰላ ነው፣ «ሰው በሌላ ነገር ባይሞት ኖሮ» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ሞትን እንደ ሞት ስታስገቡት የ25 ዓመቱ ቁጥር ከግማሽ በታች ይወርዳል። አንዲት የ75 ዓመት እናት ፊታችሁ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ካንሰር ይሆንብኛል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ የትኛውን ቁጥር ትነግሯቸዋላችሁ? እኔ ሁለተኛውን ነው የምነግራቸው።

ስድስተኛ፦ ለሦስቱ ቀስቶች ሦስት ኮክስ

ኮክስፒኤች የሚለው ትእዛዝ ባለ ብዙ ሁኔታ ዳታ ይቀበላል። መለያ ቁጥሩን ከሰጣችሁት ለእያንዳንዱ ቀስት የራሱን ሃዛርድ ሬሾ (አደጋው በስንት እጥፍ እንደሚለይ የሚያሳይ ቁጥር) ያወጣል። ቀስቶቹን 1:2፣ 1:3 እና 2:3 እያለ ነው የሚጠራቸው፤ 1 መነሻው፣ 2 ሕመሙ፣ 3 ሞት ነው።

ዕድሜና ጾታ አስገብታችሁ ሞክሩ። ዕድሜና ወንድ መሆን 1:3 ላይ፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ሞት በሚወስደው ቀስት ላይ፣ ጎልተው ይታያሉ። 1:2 ላይ ግን እንዲያ አይደሉም። እዚያ የሚሠራው መጀመሪያ የተለካው የፕሮቲን መጠን ነው፣ ዳታው ውስጥ ኤምስፓይክ የተባለው። አያችሁ፣ አንዱ ነገር ሰውን ይገድላል፣ ሌላው ያሳምማል። ሕመምና ሞትን አንድ ላይ ጨፍልቃችሁ «ከሁለቱ አንዱ የደረሰበት» ብትሉ ኖሮ 860ው 115ቱን ይውጠውና ኤምስፓይክ የደከመ ይመስላል።

ሁሉንም ቫሪያብል በሦስቱም ቀስት ላይ መጫን ግዴታ አይደለም። ቀመሩን እንደ ዝርዝር አድርጋችሁ ስትሰጡት ዕድሜና ጾታ ለሁሉም፣ ኤምስፓይክ ለ1:2 ብቻ ማለት ይቻላል። ስንት ቫሪያብል ለማለት የተለመደው ልክ ለ10 ክስተት አንድ ነው። ኤምጂዩኤስ2 ላይ ሦስተኛው ቀስት 103 ሞት ስላለው ይበቃል። የእናንተ ዳታ ላይ ግን ቲቢ ከያዛቸው በኋላ የሞቱት 11 ሰዎች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲያ ከሆነ በዚያ ቀስት ላይ አንድ ቫሪያብል አስገቡ፣ ሰባት አይደለም። የምትፈልጉት ውጤት ባይወጣም እንዲያው አድርጉት።

ስለ ሰዓቱም ወስኑ። በሦስተኛው ቀስት ላይ ጊዜው የሚቆጠረው ክትትል ከጀመረበት ነው ወይስ ሰውየው ከታመመበት? የመጀመሪያው ማርኮቭ፣ ሁለተኛው ሴሚ ማርኮቭ ይባላል። ቲቢ የያዘው ሰው ላይ አደጋው ከምርመራው ቀጥሎ ባሉት ወራት የሚከፋ ከመሰላችሁ ከታመመበት ቀን ቁጠሩ። በአር ውስጥ የታማሚዎቹን ረድፍ ብቻ ለይታችሁ ጊዜያቸውን ከ0 አስጀምሩትና ለብቻው ኮክስ ሥሩለት። ቀላል ነው፣ ውጤቱም ያው ሦስተኛው ቀስት ነው።

ሰባተኛ፦ የማይታየው ነገር፣ ማለትም ፍሬይልቲ

እስካሁን የሠራነው ለብዙ ቴሲስ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው «በመታመምና በመሞት መካከል ካስገባኋቸው ቫሪያብሎች በላይ የሚያያይዝ ነገር አለ ወይ» ለሚል ሰው ነው።

ሁለት ሰዎች በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሁሉም የተለካ ነገር እኩል ናቸው እንበል። አንዱ ግን ደካማ ነው፤ የቤት ምግቡ፣ የኑሮ ጫናው፣ ያልተለካ ሌላ ሕመሙ። ይህ ሰው ቶሎ ይታመማል፣ ቶሎም ይሞታል። ያንን ያልተለካ ድካም በአንድ ቁጥር ወክለን ሦስቱንም ቀስት እንዲያባዛ ስናደርገው ሼርድ ፍሬይልቲ ይባላል። ሹ፣ ካልብፍላይሽ እና ታይ እ.ኤ.አ. በ2010 ለእንዲህ ዓይነት ዳታ ያቀረቡት መንገድ ይህ ነው። የድካሙ ስርጭት ጋማ ነው፣ ስፋቱ ቴታ። ቴታ ወደ 0 ከተጠጋ ተጨማሪ ትስስር የለም ማለት ነው፣ ከፍ ካለ አለ።

ለዚህ የተሠራው የአር ፓኬጅ ሴሚኮምፕሪስክስ ይባላል፣ ሊ፣ ሃኖስ እና ባልደረቦቻቸው ናቸው ያዘጋጁት። እዚህ ሁለት ረድፍ አይፈልግም፣ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አራት አምዶች ተመለሱ፣ አንድ ሰው አንድ ረድፍ። የቀመሩ ግራ በኩል በቆመ መስመር ሁለት ቦታ ይከፈላል፦ የሕመም ጊዜና የሕመም 0/1፣ ከመስመሩ በኋላ የሞት ጊዜና የሞት 0/1። ቀኝ በኩል ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ ለየቀስቱ የየራሱ ቫሪያብል፣ በቅደም ተከተል። ፍሪክአይዲ ብሎ የሚጀምረው ትእዛዝ በዋይበል ቅርጽ (አደጋው ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥበትን መልክ በሚገልጽ ቀመር) ቶሎ ይሠራል፤ ቤይስአይዲ ብሎ የሚጀምረው የቤይዥያን ነው፣ መልሱን በተደጋጋሚ ናሙና ሰንሰለት ስለሚፈልግ ጊዜ ይወስዳል። ማርኮቭ ወይስ ሴሚ ማርኮቭ የሚለውንም ይጠይቃችኋል።

ከልምድ የምነግራችሁ፦ ጊዜውን በቀን ሳይሆን በዓመት አድርጉት። በቀን ሲሆን ቁጥሩ ስለሚገዝፍ ስሌቱ ብዙ ጊዜ አይረጋም። መጀመሪያ ያለ ፍሬይልቲ አሂዱ፣ ውጤቱን ከስድስተኛው ደረጃ ኮክስ ጋር አስተያዩ፤ ከተቀራረበ ፍሬይልቲውን ጨምሩ። ቤይዥያኑን ከመረጣችሁ ከተለያየ መነሻ ሦስት ሰንሰለት አስኪዱና አንድ ቦታ መገናኘታቸውን እዩ። ሰዓታት የሚፈጅ ከሆነ በየመሀሉ ሴቭአርዲኤስ በሚለው ትእዛዝ አስቀምጡ፣ መብራት ሲሄድ የሌሊቱ ሥራ አብሮ እንዳይሄድ።

ቴታን ስትተረጉሙ ተጠንቀቁ። መረጃው የሚመጣው ታመው ከሞቱት ሰዎች ነው። ከሞት በኋላ የታመመ ሰው የለም፣ ስለዚህ የሕመምና የሞት ጊዜን በግራፍ ብታስቀምጡ ግማሹ ሁልጊዜ ባዶ ነው። 11 ሰው ይዛችሁ ስለ ትስስር ትልቅ ነገር አትናገሩ። ሃዛርድ ሬሾውም አሁን ትርጉሙ ተቀይሯል፣ ድካማቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎችን ነው የሚያወዳድረው።

ሌላ ሶፍትዌር ላላችሁ

ስታታ ላይ የምትሠሩ የክራውዘርና የላምበርት መልቲስቴት ፓኬጅ አለላችሁ። ኤምኤስሴት የሚለው ትእዛዙ ያንን የረድፍ መክፈል ሥራ ይሠራላችኋል፣ ፕሪዲክትኤምኤስ ደግሞ ዕድሉን ያሰላል። በአር ውስጥም ኤምስቴት የሚባለው የላይደን ሰዎች ፓኬጅ አለ፣ ለአንድ የተወሰነ ሰው ትንበያ ማውጣት ከፈለጋችሁ እሱ ምቹ ነው።

ሕመሙ የጀመረበት ቀን በትክክል የማይታወቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመርሳት በሽታ በየሁለት ዓመቱ ጉብኝት ብቻ ሲመረመር፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ያዳላል። በሁለት ጉብኝት መካከል ታሞ የሞተ ሰው «ሳይታመም የሞተ» ተብሎ ይቆጠራልና። ለዚያ ስሙዝሃዛርድ ወይም ኤምኤስኤም የሚባሉትን ፓኬጆች ተጠቀሙ።

ስምንተኛ፦ ስትጽፉት

የውጤቱ ምዕራፍ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው ያ የሦስት ቀስት ሥዕል ነው፣ በየቀስቱ ላይ የሰው ብዛት ተጽፎበት። ከዚያ የዕድሉ ግራፍ። ከዚያ ሃዛርድ ሬሾው በሦስት አምድ፣ ለየቀስቱ አንድ። ጽሑፉ ላይ «ለቲቢ የመጋለጥ አደጋ» ብላችሁ በደፈናው አትጻፉ፤ «ቲቢ ሳይይዛቸው በሕይወት ባሉ ሰዎች መካከል» ብላችሁ ጻፉ፣ ምክንያቱም 1:2 የሚለካው እነሱን ነው። የሰዓቱን ምርጫ፣ የጠፉትን ቁጥር፣ የአርና የፓኬጁን ስሪት ቁጥር በዘዴው ክፍል አስገቡ።

ፈታኝ «ለምን የሞቱትን ሴንሰርድ አላደረግሽም?» ብሎ ከጠየቀ ሥዕሉን አሳዩት፣ ጣታችሁን ሁለተኛው ቀስት ላይ አድርጉና ስንት ሰው እንዳለበት ንገሩት።